ኬላውን የተሻገረ ቃል
በኬንያዋ ሞያሌ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ የኛ ነው፣ አማርኛ ነው፣ ነገር ግን ሰው የገደለው እዚህ ኬንያ ውስጥ ነው። ከ1963 እስከ 1967 በዚህ አገር ሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ኬንያውያን «የሽፍታ ጦርነት» ይሉታል። የመጽሐፉም የመንግሥትም መጠሪያ ይኸው ነው። በስዋሂሊ ሲያበዙት «ማሺፍታ» ይላሉ። ከአማርኛ ወጥቶ የሌላ አገር ጦርነት መጠሪያ ለመሆን የበቃ ቃል ብዙ አይገኝም፤ ባይገኝ ይሻል ነበር ብል ቅር አይበላችሁ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የዚህ አገር ወረቀት ሁሉ በዚያ ስለተጻፈ።

መጀመሪያ በኛ ቤት «ሽፍታ» ማለት ምን እንደሆነ እናስታውስ። እኛ ዘንድ ወንበዴ አንድ ነው፣ ሽፍታ ሌላ ነው። ወንበዴ የሰው ንብረት ፈልጎ ነው ጫካ የሚገባው። ሽፍታ ግን ሆድ ብሶት ነው፤ መሬቱን ተነጥቆ፣ ወንድሙ ተገድሎበት፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ፍርድ አጥቶ ዱር ቤቴ ይላል። እርግጥ ጫካ ከገባ በኋላ እሱም ይዘርፋል፤ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው፤ ገበሬው ደግሞ በቀን ለመንግሥት፣ በሌት ለሽፍታው ይገብራል። ሽፍትነትን ማሳመር አልፈልግም። ቢሆንም ቃሉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ተቀምጧል፦ «ምን በድለውት ሸፈተ?» እንላለን። ስለ ወንበዴ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሸፍተው ነበር፤ በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት በየገደሉ አድፍጠው የጠላትን የጭነት መኪና ይመቱ የነበሩትን አርበኞች ጣሊያኖች በራሳችን ቃል «ሽፍታ» ይሏቸው ነበር። እኛ አርበኛ አልን። ሰውዬው ያው ነው፣ ጠመንጃውም ያው ነው። ልዩነቱ ስሙን ያወጣለት ማን ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደዚህ ከተማ እንምጣ።

ሞያሌን ለሁለት የከፈላት መስመር የመጣው አዲስ አበባና ለንደን በ1907 ከተፈራረሙት ውል ነው። ቦረናው ጉድጓዱ ከወዲያ፣ ግጦሹ ከወዲህ ቀረ። እንግሊዞች እዚህ ኮረብታው ላይ ጣቢያ ሲያቋቁሙ በአዲስ አበባ መልእክተኛቸው በሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን አሉት። ድንበሩን እንዲጠብቅላቸው የቀጠሩትም ዛፊሮ የሚባል ግሪካዊ ነበር። በዚያ ዘመን ከኛ ወገን እየተሻገሩ ዝሆን የሚያድኑ፣ ከብት የሚነዱ፣ ግብር ነው ብለው የሚቀሙ ታጣቂዎች ነበሩ። በ1913 ካፒቴን ኤልመር የተባለው የድንበር ሹም የተገደለው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። «ሽፍታ» የሚለው ቃል የእንግሊዝ መኮንኖች ደብዳቤ ውስጥ የገባው እንዲህ ባለው ጊዜ፣ በእንዲህ ባለው ሰው ምክንያት ነው። ሲገባ ግን ግማሹን ትቶ ገባ። «ምን በድለውት?» የሚለው ጥያቄ ኬላው ላይ ቀረ፤ የተሻገረው ዘራፊነቱ ብቻ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ምድር የሰሜን ድንበር አውራጃ ብለው አጠሩት። ጋሪሳ፣ ዋጂር፣ ማንዴራ፣ ኢሲዮሎ፣ ማርሳቢትና ሞያሌ። ያለ ፈቃድ የማይገባበት፣ ያለ ፈቃድ የማይወጣበት የተዘጋ አገር ነበር። ናይሮቢ ባቡርና ቡና ስታገኝ ሰሜኑ ያገኘው ፖሊስና የይለፍ ወረቀት ነው። ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መንገድ ከሞላ ጎደል አልነበረም። እንዲያ ተደርጎ ስልሳ ዓመት የተያዘ ሰው ድንገት «ነገ ነጻ ትወጣለህ፤ ኬንያዊ ነህ» ሲባል «ከመቼ ጀምሮ?» ቢል ይፈረድበታል?

በ1960 ሶማሊያ ነጻ ወጣች። ባንዲራዋ ላይ ያለችው ኮከብ አምስት ጫፍ አላት፤ አንዱ ጫፍ ይህን ምድር ነበር የሚያመለክተው። አንዱም የኛን ኦጋዴን፤ ይህን አንርሳ፣ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ዓመት የሰሜን ሰዎች የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ዋቆ ሀፒ ነበር። በ1962 እንግሊዝ የሕዝቡን ሐሳብ ይጠይቁ ብላ አንድ ናይጄሪያዊ የሕግ ሰውና አንድ ካናዳዊ ጄኔራል ላከች። ሁለቱ ሰዎች ዞረው፣ ጠይቀው፣ ጻፉ፦ በሶማሌ አካባቢዎች አብዛኛው ሕዝብ ከኬንያ ተነጥሎ ከሶማሊያ መቀላቀል ይፈልጋል። እዚህ ሞያሌ ግን ሐሳቡ የተከፋፈለ ነበር፤ ቦረናው ራሱ በሃይማኖትና በጎሳ ለሁለት ተከፈለ፣ ቡርጂው ሌላ አለ፣ ጋብራው ሌላ አለ። በመጋቢት 1963 ለንደን ወረቀቱን አንብባ ወደ ጎን አደረገችው። ሰሜን ምሥራቅ የሚባል ክልል ተፈጠረ፤ ሞያሌና ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎም ወደ ምሥራቁ ክልል ተወረወሩ። ሞቃዲሾ ከለንደን ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን አቋረጠች። በግንቦቱ ምርጫ የሶማሌው ሕዝብ ድምፅ አልሰጥም ብሎ ቤቱ ዋለ።

ሰውን ጠይቆ መልሱን መጣል ካለመጠየቅ የከፋ ነው። ይህ የኔ ፍርድ ነው።

ሰኔ 28 ቀን 1963። ኬንያታ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ወር አልሞላም። የኢሲዮሎ አውራጃ ገዥ ዳውዲ ዳባሶ ዋበራ፣ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ ከቦረናው ባላባት ከሐጂ ጋልማ ዲዳ ጋር በሞዶጋሼ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሕዝቡ ከኬንያ ጋር እንዲቆይ ለማግባባት ነበር የወጡት። ገዳዮቹ ወደ ሶማሊያ ተሻገሩ። ዛሬ ናይሮቢ መሃል ከተማ ዋበራ ጎዳና የሚባለው ለዚያ ሰው መታሰቢያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ያለፋችሁ ትኖራላችሁ። የመጀመሪያዎቹ የጦርነቱ ሙታን የናይሮቢ ወታደሮች አልነበሩም፤ ሁለት የሰሜን ልጆች ነበሩ፣ የተገደሉትም በሰሜን ሰው እጅ ነው። አንድ ሸማቂ መጀመሪያ የሚገድለው ብዙ ጊዜ የገዛ ወገኑን ሽማግሌ መሆኑ ለምንድን ነው? ምክንያቱም መሃል ቆሞ የሚያግባባ ሰው ካለ ጦርነት አይኖርም።

ነጻነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ታወጀ። በፈረንጆቹ ገና ቀን፣ ማለትም ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ፣ ሰሜኑ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለ። የቀረው የኬንያ ሕዝብ ነጻነቱን ሲጨፍር ሰሜኑ ያየው ነጻነት ሁለት ሳምንት አልሞላም።

ስለ ደፈጣው አሁን ትንሽ ልቆይ፤ ጦርነቱ ማለት ደፈጣው ነበርና። ይህ አገር ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መንገዱ አስፋልት ሳይሆን በፊት ከኢሲዮሎ በከብት መኪና ላይ ተሰቅላችሁ የመጣችሁ፣ ኬላው ላይ መኪኖች ተሰብስበው አጃቢ ፖሊስ እስኪመጣ የጠበቃችሁ ታውቁታላችሁ። ከኢሲዮሎ እስከዚህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ መንገድ የተባለው ድንጋይና አቧራ ነበር። መኪና የሚሄድበት መስመር አንድ ነው፣ ውኃ ያለበት ጉድጓድም ይታወቃል። ወታደር መኪና ይነዳል፣ መኪና ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፣ የመኪናው ሞተር ውኃ ይፈልጋል፣ ወታደሩም ይጠማዋል። ስለዚህ ወታደር የት እንደሚያልፍ ለማወቅ ሰላይ አያስፈልግም። ደረቅ ወንዝ ሲሻገር መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው እሾህ ቁጥቋጦ ደግሞ ሰው ሁለት ክንድ ርቆ ቢተኛ አያሳይም። በግመልና በእግር የሚሄደው ሸማቂ መንገድ አይፈልግም፤ ከዓለም ጦርነት የተረፈ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ይተኩሳል፣ ከዚያ ድንበሩን ይሻገራል። ከጦርነቱ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ጥይቱም ቀረና ፈንጂ መጣ። ፈንጂ የሚቀብረው ሰው አጠገቡ መሆን አያስፈልገውም፤ ፈንጂም የወታደር ጎማ ከነጋዴ ጎማ አይለይም። ጦርነቱ ከዚያ ወዲያ ፊት አልነበረውም።

በወዲያኛው በኩል ያሉትን ወታደሮችም አስቧቸው። ትናንት የንጉሥ አፍሪካ ጠመንጃ ክፍል ይባሉ የነበሩ፣ ዛሬ የኬንያ ጠመንጃ ክፍል የተባሉ፣ አዛዦቻቸው ገና እንግሊዞች የነበሩ ልጆች ናቸው። በጥር 1964 ናኩሩ አጠገብ ላኔት ሠፈር ካሉት አንዱ ክፍል በደመወዝና በእንግሊዝ መኮንኖች ጉዳይ አምጾ ነበር። ከደጋው፣ ከሐይቁ ዳር መጥተው፣ ቋንቋውን የማያውቁትን፣ እንግዳ የሆነባቸውን ምድር ይጠብቃሉ። ጓዳቸው ከፊት መኪና ላይ ሲሞት ያዩታል፤ የገደለውን ግን አያዩትም። ዙሪያቸውን ሲያዩ የሚያገኙት ግመል የሚጠብቅ ልጅና ውኃ የምትቀዳ ሴት ነው። እንግዲህ ቃሉ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሽፍታው ጠፍቷል፤ «ሽፍታ» የሚለው ስም ግን አለ፣ ልጁ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ሴቲቱም «የሽፍታ ሚስት» ልትባል ትችላለች። ግመሉ «የሽፍታ ግመል» ነው።

ግመሉም ተቀጣ። በ1966 መንግሥት አርብቶ አደሩን ከየበረሃው እየሰበሰበ በፖሊስ በሚጠበቁ መንደሮች አጎረ። ከአጥሩ ውጭ የተገኘ ሰው ሽፍታ ነው፣ ከአጥሩ ውጭ የተገኘ ከብት የሽፍታ ስንቅ ነው። አርብቶ አደር ማለት ዝናብ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ በአንድ ቦታ አቁመው «እዚህ ሁን» ካሉት ጥይት ሳያወጡ ከብቱን ገድለውበታል። ሳኩዬዎች ከሁሉም ይልቅ ከሰሩ። ግመል የማንነታቸው ምልክት የነበረ ሕዝብ ናቸው፤ ከጦርነቱ የወጡት ያለ ግመል ነው። የኢሲዮሎ ቦረናዎች ያንን ዘመን «ጋፍ ዳባ» ይሉታል። ኦሮምኛ ለምታውቁ መተርጎም አይጠበቅብኝም፤ ለሌሎቻችሁ፣ «ሁሉ ነገር የቆመበት ጊዜ» እንደ ማለት ነው። መንግሥት ጦርነቱን በተዋጊው ስም ጠራው፣ የተጎዳው ሕዝብ ግን በደረሰበት ነገር ጠራው። «የሽፍታ ዘመን» ያላለውን ልብ በሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ኢትዮጵያ የት ነበረች? ኬንያ ነጻ በወጣችበት ሰሞን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ኬንያታ በመከላከያ ውል ተሳሰሩ፤ አንዱ በሶማሊያ ቢወረር ሌላው ሊደርስለት። ያቺ አምስት ጫፍ ያላት ኮከብ ሁለቱንም እንቅልፍ ነስታ ነበር። እኛም በ1964 መጀመሪያ ከሶማሊያ ጋር በኦጋዴን ተታኩሰናል፤ በካርቱም ሸምጋይነት ነው ተኩስ የቆመው። በባሌ ደግሞ ዋቆ ጉቱ በ1963 ጫካ ገብቶ እስከ 1970 ተዋጋ። ይህን ታሪክ ከኬንያው ጎን አስቀምጣችሁ እዩት፤ አንድ ዓመት፣ አንድ ድንበር፣ መሣሪያው የሚመጣው ከአንድ ከተማ፣ የበደሉ ዓይነትም ቢሆን የተራራቀ አይደለም፤ መሬት፣ ግብር፣ ባላየው ሹም መገዛት። መንግሥታችን ዋቆን በጦርም በአውሮፕላንም ሞከረው። በመጨረሻ ያስገባው ግን ሽምግልና ነው። ያን ሥራ የሠሩት ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ናቸው። ጃገማ ማን ናቸው? በልጅነታቸው ጣሊያንን ከጫካ ሲወጉ የኖሩ፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉ አርበኛ። በጣሊያን አፍ ሽፍታ የነበሩ ሰው ማለት ነው። በመንግሥት አፍ ሽፍታ ለነበረ ሌላ ሰው «ና፣ ግባ» ሲሉት የገባቸው ነገር ነበር፤ ጫካ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ዋቆ ከዚያ በኋላም እንደገና ሸፍቷል፣ የሞተውም በ2006 እዚሁ ኬንያ፣ ናይሮቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሽምግልናው ሁሉን ፈታ አልልም። ያም ሆኖ «ምን በድለውት?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቋል።

ራቅ ብለን አንድ ሌላ አገር እንይ፤ እንዲያው ለንጽጽር። የዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ፣ በባልካን፣ ከኛ አንድ አውራጃ የማትበልጥ አገር። ከሕዝቧ አራት እጅ አንዱ አልባኒያዊ ነው። በ2001 መጀመሪያ አልባኒያውያን ታጣቂዎች ተነሡ፤ ራሳቸውን ነጻ አውጪ ጦር አሉ፣ መንግሥት አሸባሪ አላቸው። ሚያዝያ 28 ቀን በቴቶቮ ከተማ በላይ፣ ቬይሴ የምትባል ተራራማ መንደር አጠገብ፣ ቅኝት የወጡ የመንግሥት ሰዎች ደፈጣ ውስጥ ገቡ። ስምንት ሞቱ፤ ወታደርም ፖሊስም ነበሩባቸው። ከሟቾቹ አራቱ የቢቶላ ከተማ ልጆች ነበሩ። ወሬው ቢቶላ ሲደርስ ሕዝቡ ወጥቶ የአልባኒያውያንን ሱቅ አቃጠለ። ሱቁን የከፈተው ዳቦ ጋጋሪ ተራራው ላይ አልነበረም። ነሐሴ 8 ቀን ደግሞ ካርፓላክ በሚባል ቦታ፣ በአውራ ጎዳና ላይ፣ አሥር ወታደሮች በደፈጣ ተገደሉ፤ የብዙዎቹ አገር ፕሪሌፕ ነበር፤ ፕሪሌፕ ላይ መስጊድ ነደደ። ይህን ስሰማ ጋፍ ዳባን ነው ያስታወሰኝ፤ ጥይት የተኮሰው አንድ ነው፣ ዕዳ የሚከፍለው ሌላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይለያል። ከካርፓላክ አምስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ኦህሪድ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አልባኒያዊው ከመቶ ሃያ በሚሞላበት ቦታ ሁሉ ቋንቋው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲሠራ፣ በፖሊስና በሹመት ድርሻ እንዲኖረው ተወሰነ። ታጣቂው መሣሪያውን ለኔቶ አስረከበ። መሪው አሊ አህመቲ ፓርቲ አቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ውስጥ ገባ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ይህን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ደስ አይለኝም። የአውሮፓና የአሜሪካ ጫናም ከበስተጀርባ ነበር፤ ሰሜን ኬንያን ግን እንዲያ የሚያስጨንቀው ኃያል አልነበረም። ዋናው ነገር ጦርነቱ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ቆመ፤ ታጣቂዎቹ ራሳቸው ባይቀመጡም የአልባኒያውያኑ ፓርቲዎች በራሳቸው ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

የሰሜን ኬንያው ጦርነት መጨረሻ ግን አሩሻ ነው። ጥቅምት 28 ቀን 1967 ኬንያታና የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል የዛምቢያው ካውንዳ ሸምጋይ ሆነው ተስማሙ። ግንኙነት ይታደስ፣ ፕሮፓጋንዳ ይቁም፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ቀስ በቀስ ይነሣ ተባለ። ሁለት መንግሥታት ታረቁ። የሞያሌ ሰው፣ የዋጂር ሰው፣ ግመሉን ያጣው ሳኩዬ ግን አሩሻ አልተጠራም። በ1970 ፓርላማው አንድ ሕግ አወጣ፤ ከታኅሣሥ 25 ቀን 1963 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 1967 በሰሜን ምሥራቅ፣ በኢሲዮሎ፣ በማርሳቢት፣ በጣና ወንዝና በላሙ በጸጥታ ሥራ ላይ ለተፈጸመው ነገር ማንም አይከሰስም የሚል። ቀስ በቀስ ይነሣል የተባለው አዋጅ ደግሞ የተነሣው በ1991 ነው። ሃያ አራት ዓመት ነው ቀስ በቀሱ። በመሃል በየካቲት 1984 ዋጂር አጠገብ ዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሆነው ሆነ፤ መሣሪያ ይፈተሻል ተብሎ የዴጎዲያ ወንዶች ተሰብስበው፣ ፀሐይ ላይ ቀናት ቆይተው፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ጦርነቱ ካበቃ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቃሉ ግን ጡረታ አልወጣም።

ከኬላው ማዶ ያለነው ደግሞ «ይህ የኬንያ ጉዳይ ነው» እንዳንል መጋቢት 10 ቀን 2018 አለ። በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሸዋ በር ሰፈር ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ሰርጎ ገብቷል የሚል የተሳሳተ መረጃ ደርሷቸው ነው ተባለ። የሞቱት ሰፈር ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ሳምንት ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደዚህ ተሻገረ፤ ከእናንተ መሃል በረንዳውን የለቀቀለት፣ ውኃ ያቀበለው አለ። አመሰግናለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

አሁን ኬላው ላይ በ2020 የተመረቀው የጋራ መሥሪያ ቤት አለ። አስፋልቱም መጥቷል፤ የደፈጣው ደረቅ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠርቶበታል፤ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል። እኔ የተናገርኩት ከመጽሐፍና ከወረቀት ያገኘሁትን ነው። ከፊት ወንበር ላይ ግን ጋፍ ዳባን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ተቀምጠዋል። ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት እነሱ ይናገሩ፤ በቦረንኛም ይሁን በሶማሊኛ፣ በፈለጉት ቋንቋ። የሚተረጉም ሰው ካለ ወዲህ ወደ ድምፅ ማጉያው ቢመጣ።